ሺ ሰባት መቶ ጥርስ

ሐሙስ ደሞዝ ገባ፣ እሑድ ቡር ዱባይ ነኝ፤
ሐምሌ ነው፣ ዝናብ የለም፣ አስፋልቱ እየጠበሰኝ።
አንድ ሺህ ሁለት መቶ ድርሃም በካልሲ ውስጥ፣
ስድስት ወር ከምሳ፣ ከታክሲ ላይ ስቆርጥ።

ኸይሩ አብሮኝ አለ፤ አፉ አያርፍ ከቶ፤
«ትልቁን ፕሮሰሰር!» ይላል ጣት ዘርግቶ፣
«ስሙ ብቻ ሲጠራ ጨዋታው ይበራል፤
ማዘርቦርድ ሳሕን ነው፣ ማንም ወጥ ይይዛል።»
እኔም ልቤ ከጀለ። ማን ልቡ ያልከጀለ፣
ያ ሣጥን በመስታወት እያበራ ሳለ?

የኬራላው ሻጂ ግን መነጽሩን ገፍቶ
መረመረኝ እንደ ወጌሻ፣ የታመመውን ነክቶ፦
«ስክሪንህ ስንት ኢንች ነው? ካርድህ የየት ዘመን?
ፓወር ሰፕላይህስ? ራምህ ስንት? የምን?
ሌሊት ነው የምትጫወት ወይስ ቀን በሙቀት?
ኤሲ አለ ክፍልህ ውስጥ? ስንት ሰው አለበት?»

ስድስት ሰው ነን አልኩት፣ ሦስት ባለ ፎቅ አልጋ፤
ኤሲው ማታ ያንኮራፋል፣ ይተኛል ሲነጋ።

ሳቀ። «እንግዲያው ስማኝ። የጓደኛህ ምርጫ
በርካሽ ቦርድ ላይ ቢወጣ ምን አለው ሩጫ?
መብራት አቀባዮቹ እንደ አስፋልቱ ግለው
በግማሽ ጉልበት ይጎተታል፤ ፈረስ በጭቃ ነው።
ቦርዱን ደህና ያዝና መካከለኛ ፕሮሰሰር
ጫንበት ለዛሬ፤ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሲዞር፣
አዲሱን ሲያረክሱት፣ መጥተህ ታወልቅና
ያንኑ ሶኬት ላይ ትተክላለህ፤ ቤቱ ያው ነውና።»

«ሲሉ ሰምታ...» አልኩት ኸይሩን፤ ተረቱን ሳልጨርስ
ፊቱን አዞረብኝ፣ ኪቦርድ ሲደባብስ።

ማዘርቦርድ። እናት ሰሌዳ። ማን ይሆን ስም ያወጣላት?
ራሙም፣ ካርዱም፣ ዲስኩም ጫፍ ጫፏን ይዞ ሲጠባት፣
ማንም በሷ አይፎክርም ጨዋታ ሲወራ።
(እናቴ ይህን ብትሰማ፣ «የኔ ቢጤ» ብላ ትስቅ ነበር፣
ሳሕኗን እያጠበች።)

ማታ አልጋዬ ላይ ካርቶኑን ስፈታ፣
ሺ ሰባት መቶ ጥርስ፣ ወርቅ በሰልፍ፣ በተርታ።
አንዷ ግን ጎብጣለች። አንዷ ብቻ። ከዳር።
ጆሮዬ ውስጥ ጮኸብኝ ያ ሁሉ ድርሃም ሲበር።

ከላይኛው አልጋ ወረደ አባያ ሰፊው ሻፊ፣
ቀን ሙሉ በጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ዶቃ ለጣፊ።
ከኮሌታው ሥር መዘዘ አንዲት ቀጭን መርፌ፤
«ስልክህን አብራልኝ» አለ። ትንፋሼን ያዝኩ በአፌ።
ትንሽ ገፋ። ቆመ። ገፋ። ጥርሷ ቀና አለች፣
እንደ ተኮረኮመች ልጅ ሰልፏ ውስጥ ገባች።

ፕሮሰሰሩ ተቀመጠ፤ ማንሻው ሲጫን ተንቋቋ።
ያስፈራል። ግን ሻጂ ብሏል፦ ያ ድምፅ የሱ ቋንቋ።

አበራሁ። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር። ጥቁር።
ስድስት ወንድ ቆመናል ከአንድ አምፖል ሥር።
አንድ ደቂቃ። ሁለት። ኸይሩ ጉሮሮ ጠረገ፤
«ብዬህ ነበር» ሳይል ሻፊ ጎኑን ነካ አደረገ።
ሦስት። ሻጂ ነግሮኛል፦ «መጀመሪያ ስትከፍተው
ራሙን ይለማመዳል፤ አትንካው፣ ጠብቀው።»
እኔም ዱባይ የደረስኩ ሰሞን ዝም ብዬ ነበር፣
መንገዱን እስክለማመድ፣ እስኪያውቀኝ ያ አገር።

በአራተኛው ደቂቃ ነጭ ፊደል ፈሰሰ።
ማንም አልጮኸም። ባድሩ ዩኒፎርሙን ለበሰ፤
ፈረቃው ደርሶበታል።

ጨዋታውስ? ተጫወትኩ፤ ሥዕሉ እንደ ውኃ ሄደ።
ሊያልቅ ሲል፣ ባዶ ለባዶ፣ ኳሷ ወደ መረብ ነጎደች፤
ትራሴን ነክሼ ጮህኩ።
ከላይ ሻፊ ተኝቷል፣
መርፌው ኮሌታው ሥር።